እናቴ የጠፋችበት ማክሰኞ

እናቴ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ከመኝታ ቤታችን ጋር በተያያዘች አንዲት ጠባብ ክፍል ሃያ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፍታለች። ዋና ሥራዋ የመዘምራን ጋዋን ነበር። በከተማው ያሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አዲስ መዘምራን ባቋቋሙ ቁጥር ጨርቃቸውን ተሸክመው ወደ እሷ ይመጡ ነበር። እሑድ እሑድ የእናቴን እጅ ሥራ የለበሱ ሰዎች በየአዳራሹ ቆመው ሲዘምሩ አያቸው ነበር፤ እኔም ትንሽ እኮራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከበሩ ሳልደርስ የእግር ስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል። ያ ድምፅ ካለ እማ ቤት አለች ማለት ነው። አባቴ በአምስት ዓመቴ ስለሞተ እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ስለ ራሷ ብዙ አታወራም። "ከዳውሮ ነው የመጣሁት፣ በልጅነቴ" ትላለች፤ በቃ። ቋንቋውን አስተምሪኝ ስላት "ምን ያደርግልሻል? አማርኛና ኦሮምኛ ይበቃሻል" ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ዘመድ ጠያቂ መጥቶልን አያውቅም። ልጅ ስለነበርኩ ይህ እንግዳ ነገር መሆኑ አልታወቀኝም።

አንድ ቀን ለአንድ ጋዋን ሁለት ቀኝ እጅጌ ሰፋች። ስነግራት ሳቀች፣ ፈታችው፣ እንደገና ሰፋችው። እንደገና ሁለት ቀኝ። ያን ጊዜ አልሳቀችም። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ሐኪም "አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም" አለን፤ ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ "ለዕድሜዋ ግን በጣም ቀደመ" አለኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ባዮኬሚስትሪ ለሁለተኛ ዲግሪ እማር ነበር። ሴሚናር የማቀርብበትን ርዕስ ስመርጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ኒካስትሪን የሚባል ፕሮቲን መረጥኩ። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በሰውነታችን ውስጥ አራት ፕሮቲኖች ተጣምረው የሚሠሩት አንድ ኢንዛይም አለ፤ ጋማ ሴክሬቴዝ ይባላል፤ ሥራው መቁረጥ ነው። ከሚቆርጣቸው ነገሮች የአንዱ ቁራጭ አሚሎይድ ቤታ ይባላል፤ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ ተጠራቅሞ የሚገኘው እሱ ነው። ኒካስትሪን ከአራቱ አንዱ ነው። ራሱ አይቆርጥም፤ ለመቆረጥ የሚገባውን ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚለይ ዘበኛ ነው። የሚቆርጠው ፕረሰኒሊን የሚባለው ጓደኛው ነው። ኒካስትሪን የሚለው ስም የወጣው በደቡብ ጣሊያን ካለች ኒካስትሮ ከምትባል ቦታ ነው። በዚያ አካባቢ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ አልዛይመር ያለበት አንድ ትልቅ ቤተሰብ ስለነበረ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሴሚናሩ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እማን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ተለማመድኩ።

"እማ፣ መቀስ ነው በይው" አልኳት። "ጭንቅላታችን ውስጥ ያለ መቀስ።"

"ማን ነው የሚስለው?"

"ማንም አይስለውም።"

"እንግዲያማ ይደነዝዛል" አለች፣ በጣቷ አየሩን እየቆረጠች። "የደነዘዘ መቀስ ደግሞ ጨርቅ አይቆርጥም፣ ያኝካል። ጫፉን አዝረክርኮ ነው የሚተወው።"

ብዙ ገጽ ካነበብኩት ይልቅ ይህ ገባኝ። ማስታወሻዬ ጥግ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ በፊት ለብዙ ወራት፣ ከዚያም ወዲህ፣ እማ እንዲህ የተሟላ ነገር በአማርኛ ነግራኝ አታውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው። ኅዳር ነበር፤ የሌሊቱ ብርድ ገና አልለቀቀም። ሽንት ቤት የለችም፤ ስፌት ክፍሉ ውስጥ የለችም። በሩ ከውስጥ የሚዘጋበት መቀርቀሪያ ተከፍቷል። በባዶ ሆዴ ሮጬ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ሃዳ ኑራ፣ የኑራ እናት ማለት ነው፣ ደጃፏን ስትጠርግ አገኘኋት።

"ፍሬኮ፣ የእኔ ፍሬ! ማል ታቴ? ምን ሆነሻል?" አለችኝ መጥረጊያውን ጥላ።

"እማ የለችም!"

"ያ ረቢ! ከፈጅር ሶላት በኋላ አየኋት እኮ! ቅርጫት ይዛ ወደ ታች ወረደች። 'ብርሃኔ፣ ወዴት ነው በጠዋት?' ብላት 'ለቀማ' አለችኝ። ገበያ መስሎኝ እኮ ነው ዝም ያልኩት። ወላሂ ባውቅ እጇን እይዛት ነበር።"

"ለቀማ? የምን ለቀማ?"

"እኔ ምን አውቄ። አብሽሪ፣ አላህ ይጠብቃታል። አንቺ ወደ ወንዙ ሂጂ፤ እኔ ገበያውን አያለሁ።"

ወንዙ ወዳለበት ወደ አወቱ መንደራ ሰፈር ወረድኩ፤ ድልድዩ ላይ ቆሜ ግራና ቀኙን አየሁ፤ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ጠየቅኩ። ያያት የለም። አስተማሪዬ ጋ ደወልኩ። "ዶክተር፣ ዛሬ ሴሚናሬን ማቅረብ አልችልም፤ እናቴ ጠፍታብኛለች" ስለው "ሴሚናሩ የትም አይሄድም፤ አንቺ ሂጂ" አለኝ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ዘጋሁት።

መንገድ ዳር የቆሙትን ባጃጆች አንድ በአንድ እየጠየቅኩ አራተኛው ላይ ስደርስ ሾፌሩ ቀና አለ።

"ቅርጫት የያዘች? ነጠላ የለበሰች? መናኸሪያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። 'ሸቤ' ነበር የምትለው፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።"

ሸቤ! ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ ዘመድ የለንም። እማ የሸቤን ስም ስታነሳ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

መናኸሪያ ስደርስ ተራ አስከባሪው በመጀመሪያው ሚኒባስ መሄዷን አረጋገጠልኝ። በቀጣዩ ገባሁ። መኪናው እስኪሞላ የቆየንበት ጊዜ ከመንገዱ ረዘመብኝ። ሰቃን ስናልፍ ረዳቱን ለመንኩት፤ ከፊት ለሄደው መኪና ረዳት ደወለለት። በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩና ስልኩን ዘግቶ ፊቴን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ምን አለህ?"

"ሸቤ ወርዳለች አለ።" ወደ መስኮቱ እንዳየ፣ "አንዲት ሴትዮ አባ ዱራ ከሚባሉ ሰው ቡና ውስጥ ገብታ ስትለቅም ተይዛለች ይባላል። እሷ ትሁን አትሁን እንጃ" አለ።

ጅማ ያደገ ሰው በኅዳር የሰው ቡና ውስጥ ገብቶ መያዝ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። የዓመት ልፋት ቅርንጫፍ ላይ ቀልቶ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ዘበኛ ዱላ ይዞ ያድራል፤ ሌባ ሲያዝ መጠየቅ የሚባል ነገር የለም። እናቴ ደግሞ ቢጠይቋትም መልስ የላትም። ያን ጊዜ የጸለይኩትን ዓይነት ጸሎት ከዚያ በኋላ ጸልዬ አላውቅም። ቃል እንኳ አልነበረውም።

ሸቤ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ረዳቱ ራሱ ወርዶ የአባ ዱራ ቡና የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቆ መንገዱን አሳየኝ። ጭቃውን ስሮጥ አንድ ጫማዬ ወለቀ፤ አንስቼ በእጄ ያዝኩት። አጥሩ ጋ ዱላ የያዘ ጎልማሳ ቆሟል።

"የት ነው?" አለኝ።

"ልጇ ነኝ! የያዛችኋት ሴትዮ ልጅ ነኝ! ሕመምተኛ ናት፣ እባክህ፣ ሌባ አይደለችም!"

ከበስተኋላው ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ መጡ። አባ ዱራ ናቸው።

"ኮቱ ኢንተላኮ፣ ነይ ልጄ" አሉኝ ረጋ ብለው። "አትሩጪ። ማንም አልነካትም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ ዱራ። የለቀመችውን…"

"ተይው። ይኸውልሽ፣ ዘበኛዬ ዱላ አንስቶ ነበር፤ አልዋሽሽም። እኔ ግን እጇን አየሁት። ሌባ ቅርንጫፉን ይዞ አረንጓዴውንም ቀዩንም ሙልጭ አድርጎ ነው የሚያወርደው። እሷ ቀዩን ብቻ ነው የምትለቅመው፤ አንድ በአንድ። አረንጓዴው በጣቷ ሥር ያልፋል፣ አትነካውም። ቅርንጫፉን ስትለቅ እንኳ ቀስ ብላ ነው። 'ይቺ ሴት በዚህ ሥራ ያደገች ናት፣ ተዋት' አልኩት። ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ብናናግራት አትመልስም። 'አዬ፣ አዬ' ብቻ። ለቃሚው ብዙ ጊዜ ከዳውሮ ነውና፣ ዳውሮ ብትሆንስ ብዬ ቋንቋውን የምታውቀውን አስቴርን አስጠራሁላት።"

ያንን "አዬ" እኔም አውቀዋለሁ። ላለፉት ሰባትና ስምንት ወራት ትለው ነበር፤ ልብስ ስታጥፍ፣ በር ላይ ስትቆም፣ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል። "አዬ…"። የሚያማት ወይም የምታዝን እየመሰለኝ "እግዚአብሔር ያውቃል እማ፣ አይዞሽ" እላት ነበር።

አባ ዱራ እየመሩኝ በቡናው መሐል ገባን። ትልቅ የጥላ ዛፍ ሥር እናቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቀያይ እሸት ቡና እስከ አፉ የሞላ ቅርጫት አለ። ፊት ለፊቷ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። እናቴ ታወራለች!

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከዓመት በላይ የጀመረችውን ሳትጨርስ የምትተው፣ ለ"ማንኪያ" ቃል አጥታ በእጇ የምታሳይ እናቴ፣ እንደ ልጅነቴ ዘመን ቁጣዋም ሳቋም ሞልቶ፣ ሳትደናቀፍ ታወራለች። እጇን ታወናጭፋለች። አንድ ነገር አለችና አሮጊቷ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ጋዋን ሊለኩ የመጡ ዘማሪዎች ስፌት ክፍላችንን ሞልተው ሲጫወቱ የምትስቀው ሳቅ ነው። የምትናገረው ግን አንድ ቃል አይገባኝም።

"እማ! እኔ ነኝ፣ ፍሬ!"

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም፤ እኔን የማወቅ ምልክትም የለም። በትሕትና ጎንበስ ብላ ለአሮጊቷ አንድ ነገር አለቻቸው።

"ምን አለች?" አልኳቸው።

አሮጊቷ፣ እማማ አስቴር፣ ሊነግሩኝ አልወደዱም። በኋላ ግን፣ "'ይቺ ልጅ ከሩቅ የመጣች እንግዳ ትመስላለች፣ ጠምቷት እንደሆነ ጠይቂያት' ነው የምትለው" አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ጫማዬ አሁንም እጄ ላይ ነበር።

"እማማ፣ 'አዬ' እያለች የምታዝነው ምኗን አሟት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ወራት ሆኗታል፤ እኔ ግን…"

"የምን ማዘን?" አሉኝ ተገርመው። "አዬ ማለት በእኛ ቋንቋ እናት ማለት እኮ ነው። እናቷን እየጠራች ነው፣ ልጄ። ልትፈልጋት ነው የመጣችው።"

እናቴ እናቷን ስትጣራ እኔ አጠገቧ ሆኜ "አይዞሽ" እያልኩ ልብስ ሳጥፍ ነበር።

እማማ አስቴር ያንን የእናቴን የአርባ ዓመት ዝምታ ቀስ ብለው ፈቱልኝ። እሳቸውና እናቴ ከዳውሮ ከመጡ የቡና ለቃሚዎች ጋር እዚሁ ሸቤ አብረው ያደጉ ናቸው፤ እሳቸው በዕድሜ ከፍ ይላሉ። የለቃሚዎቹ ሰፈር ከዚህ ቡና ማዶ ነበር። አያቴ ጎበዝ ለቃሚ ነበረች። ከዚያ መርሳት ጀመረች። አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ትቀላቅላለች፤ ከመስመሯ ወጥታ ትሄዳለች፤ የሰው ቤት የራሷ ነው ብላ ትገባለች። መንፈስ ነው ተባለ፤ ተጸለየላት። እንድትጠብቃት የታዘዘችው እናቴ ነበረች፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። የእናቷን ነጠላ ጫፍ ከራሷ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጥራ ነበር የምትለቅመው።

"አንድ ቀን" አሉ እማማ አስቴር፣ "ቋጠሮው እጇን እየያዘ አላስለቅም ቢላት ፈታችው። ለጥቂት ጊዜ ብላ ነው። ቀና ስትል እናቷ የለችም። ሦስት ቀን ጫካውን አሰስን፤ ሰው ሁሉ ወጣ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። አልተገኘችም። ከዚያ በኋላ ብርሃኔ ቋንቋችንን አፏ ላይ አላዞረችም። ሰው ሲያናግራት በኦሮምኛ ትመልሳለች። ትንሽ ቆይታ ጅማ ገባች። አላየኋትም፣ እስከ ዛሬ።"

የማውቀው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ኒካስትሮ፣ በዘር የሚወርደው ዓይነት፣ አንብቤ ያሰመርኩባቸው መስመሮች። መጠየቅ አልፈለግኩም፤ ግን ጠየቅኩ።

"አያቴ ስትታመም… ስንት ዓመቷ ነበር?"

እማማ አስቴር እናቴን አየት አደረጉ። "እኛ ዓመት የምንቆጥር ሰዎች አልነበርንም። ግን አላረጀችም ነበር። ከእናትሽ ብታንስ እንጂ አትበልጥም።"

እናት፣ ከዚያ ልጅ። ከዚያ እኔ። አባ ዱራ ምን እንደገባኝ አያውቁም፤ ፊቴን አይተው ግን ውኃ አስመጡልኝ።

ያን ጊዜ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣች። ፊቴን ትኩር ብላ አየችው፤ ማን እንደመሰልኳት አላውቅም። ጎንበስ ብላ የሻርፔን ጫፍ ያዘች። የነጠላዋን ጫፍ አመጣች። ሃያ ዓመት ልብስ በሰፉት ጣቶቿ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጠረቻቸው፤ ጎትታ ጥብቀቱን ሞከረችው። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

አልፈታሁትም። እንደተቋጠርን ከቡናው ወጣን፣ እንደተቋጠርን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ሰው አየን፤ ይየን። አባ ዱራ እሸት ቡናዋን በፌስታል አድርገው አሲዘዋት "ቅዳሜ ቅዳሜ አምጪያት። ያቺ ዳር ያለችው መስመር የብርሃኔ ናት፤ ማንም አይለቅማትም" አሉኝ። ጊንጆ ስንደርስ ሃዳ ኑራ መንገድ ላይ ወጥታ ስታለቅስ ነበር የጠበቀችን።

ሴሚናሩን በሳምንቱ አቀረብኩ። ስለ አራቱ ፕሮቲኖች የሚባለውን ሁሉ አልኩ። የደነዘዘ መቀስ ጨርቅ ያኝካል የሚለውንም ጨመርኩ፤ አስተማሪዬ ከየትኛው ጽሑፍ ነው ሲለኝ "ከእናቴ" አልኩት። ስለ ኒካስትሮ ስደርስ ግን የጻፍኩትን ማንበብ አቃተኝ። ስም ብቻ የነበረችው ቦታ ሰው ሞላባት፤ እናቱን በጫካ የሚፈልግ ሰው፣ ቋጠሮ ፈትቶ ዕድሜ ልኩን ዝም ያለ ልጅ እዚያም ይኖራል ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሸቤ እንሄድ ነበር። ቡናው ሲያልቅ እንኳ እንሄድ ነበር፤ እማማ አስቴርን ልናይ። ዳውሮኛ ከእሳቸው ተማርኩ፤ ውኃ ማለትን፣ ነይ ማለትን፣ የእኔ ልጅ ማለትን። ስሰብረው እናቴ ታርመኛለች፤ ጋዋን ሲጣመም እንደምትገረመው ትገረማለች። እነዚያን ቅዳሜዎች ዛሬ እንዴት እንደምናፍቃቸው! ጤነኛ በነበረችበት ዘመን ያልነገረችኝን ልጅነቷን በዚያ ቡና ውስጥ፣ በሰባራ ዳውሮኛዬ፣ ቁርጥራጩን እየለቀምኩ ሰማሁት። እማ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አረፈች። እማማ አስቴር ከሸቤ መጥተው በቋንቋዋ ጸለዩላት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ወላጅ ካላችሁ፣ በልጅነቱ በምን ቋንቋ እንዳለቀሰ ጠይቁት። መልስ ካልሰጣችሁ ደግማችሁ ጠይቁት። እኔ ያወቅኩት በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ አንድ ጫማ በእጄ ይዤ ነው።

የእኔን ነገር ደግሞ አልደብቃችሁም። ያ በዘር የሚወርደው ዓይነት ከሆነ ለእኔ የመድረሱ ነገር ግማሽ በግማሽ ነው። ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልተመረመርኩም፤ እንደምመረመርም አልወሰንኩም። የሰው ስም ሲጠፋብኝ እስካስታውሰው ሌላ ሥራ አልሠራም።

ባለፈው ፋሲካ ገመቹ የሚባል ከአጋሮ የመጣ መምህር እንድንጋባ ጠየቀኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁሉንም ነገርኩት፤ አያቴን፣ እናቴን፣ ፕሮቲኑን፣ ግማሽ በግማሹን። የእናቴን አማርኛ በሽታው እንዴት እንደወሰደውና ወደ መጀመሪያ ቋንቋዋ እንዴት እንደመለሳት፣ እኔም እንዴት እንግዳ እንደሆንኩባት ነገርኩት። እሱ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን ትምህርት ቤት የተማረው ነው፤ እስካሁንም ሲናደድ ወንድና ሴቱን ያምታታዋል። ስጨርስ፣

"አንቺ አፍሽን የፈታሽው በምንድን ነው?" አለኝ።

"በአማርኛ ነዋ።"

"እንግዲያው የምትመለሺው ወደ አማርኛ ነው" አለ። "እኔ ደግሞ አማርኛ እችላለሁ።"